ሦስት እግር

አጎቴ ነስሩ ከአዌቱ ድልድይ ማዶ
በርጩማ ይሠራል፣ ከዋንዛ ግንድ ቀዶ።
ሚስማር አያስነካው፣ ኮላ አይቀባው፣
ሦስቱም እግር የሚወጣው ከአንድ እናት ገላ ነው።
«አራት እግር» ይለኛል «ጎርባጣ ላይ ይነቃነቃል፤
ሦስት ግን የትም አስቀምጠው፣ መሬቱን ያውቃል።»

አምና ክረምት ጅማ ላይ ውድድር ወጣ፣ በኢንተርኔት የሚመረጥ፣
ለምርጥ የእጅ ሥራ የእንጨት ማሽን የሚሰጥ።
የአጎቴ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ወሬውን የነገርኩት እኔ፣
ፎቶ ያነሳሁት እኔ፣ ያስመዘገብኩት እኔ።
በሳምንቱ ስድሳ አንድ ድምፅ።

ልኪቱ፣ የኮቺዋ ሰፌድ ሰፊ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት።
ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ፣ የልጇን ስልክ ይዛ፣ ትዞር ነበር በየመደዳው፣
በርበሬ ሻጩን፣ ጫኝ አውራጁን፣
«እስቲ አንዴ ንካልኝ» ትለው፣ ሲነካላት ትመርቀው።
እያንዳንዱ ድምፅ እግር ነበረው፤ ጭቃ ነበረው በእግሩ።
እኔ ግን ቁጥር ነበር የማየው፤ አንገበገበኝ ቁጥሩ።

ያን ሌሊት ቂቶ፣ ዝናቡ የዶርማችንን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
ሃያ ሦስት መስመር ጻፍኩ፣ የማይተኛ፣ የማይቀመጥ፤
ገጹን ይከፍታል፣ ስም ያስገባል፣ «ነስሩ» ብሎ ይመርጣል፣
አራት ሰከንድ ያርፋል፣ ሰው እንዲመስል፣
ከዚያ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል።

ስሙን ከየት? የእድራችንን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት እኔው ነበርኩ፤
የአንዱን ስም ከሌላው አባት ጋር እንደ ካርታ በወዝኩ።
«ማንን ጎዳሁ?» አልኩ። «የማንን በር ሰበርኩ፣ የማንን ዳበስኩ ኪስ?»
«ሁሉም ያደርገዋል» አለኝ ተሬሳ ከላይኛው አልጋ፣ ራሱን ሳያነሳ ከትራስ።
አሥራ አንድ ሺህ ሰው ነበረን ሲነጋ፣
አንድም ያላስነጠሰ፣ አንድም ያላዛጋ።

አጎቴ አሸነፈ።
የመጀመሪያ ቃሉ «ማሽኑስ?» አልነበረም።
«ሰዎቹን አሳየኝ» አለ፣ «ሳላመሰግን አላድርም።»
በክር የታሰረ መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን በላፕቶፔ ላይ እያስኬደ፣
ስም በስም ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፣
ቆመ።

ካርታ አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ሲበወዝ አንዳንዴ ልክ ይገጥማል፤
ሩቅያ አባ ቡልጉ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ይላል።
ሚስቱ። አራት ዓመት ሆናት ከተቀበረች።
«ሩቅያ?» አለ። ዝም አለ። «እሷ በርጩማዬን መች መረጠች?
ወገቤን አመመኝ፣ ሶፋ ግዛ ነበር የምትለኝ።»
የሳቀ መሰለኝ። ቀና ስል አልሳቀም። ጉልበቴ ከዳኝ።

ነገርኩት፣ ሃያ ሦስቱንም መስመር።
ግንድ አንኳኩቶ ውስጡ መቦርቦሩን እንደሚያዳምጥ
እንዲያ አዳመጠኝ።
«ሰው የሆኑት ስንት ናቸው?»
«ስድሳ አንድ።»
«ስድሳ አንድ!» አለ፣ ብዙ እንደሆነ ሁሉ። «በል ስማቸውን ጻፍልኝ።»

ማሽኑን በጋሪ ጭኖ ኮቺ ወሰደው። ልኪቱ ከነፕላስቲኩ አየችው፣
«ሰፌድ በማሽን አይሰፋም፤ የሞተች ሴት ያመጣችውንም አልነካም» ብላ መለሰችው።
ለአዘጋጆቹ ጻፍኩ፣ ጥፋቴን ዘርዝሬ፣ ስሜን ፈርሜ።
«ውጤቱ ጸድቋል» አሉኝ፣ «የመራጩ ብዛት ስፖንሰሩን አስደስቷል።»
አሁን ደጃችን ላይ ቆሟል፣ ዶሮዎች ያድሩበታል።

አጎቴ ከሥራ ሲወጣ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፣
መንቲና፣ ቦሳ፣ ጅሬን ዳገቱን፣ በር ያንኳኳል፣
«እርስዎ ነዎት የመረጡኝ?» ይላል፣ እጅ ይጨብጣል፣
ስሙ ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ሌላው ያልፋል።

ትናንት ማታ ቁጥር አርባ ሦስት ላይ ደረሰ።
እኔ ነኝ፣ አርባ ሦስተኛው፤ ከዚያ ሌሊት በፊት
አንዴ፣ በገዛ ጣቴ፣ መርጬው ነበር።
በሩን አንኳኳ፣ አብረን በምንኖርበት ቤት፣
እንደማያውቀኝ ሰው ቆመ ከደፉ ላይ፣
እጁን ዘረጋልኝ፣ የመጋዝ ብናኙን ሳያራግፍ።